የዳር ከተማ የጥርስ ክሊኒክ ምን ዓይነት ማምከኛ፣ ምን ዓይነት ሥልጠና ይበጀዋል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ለኢንፌክሽን መከላከል የመደበውን ገንዘብ ሦስት ቦታ ማካፈል አለበት፦ ለማምከኛ ማሽን፣ ለሃንድፒስ (በእጅ ለሚያዘው የጥርስ መሰርሰሪያ) እና ለሠራተኛ ሥልጠና። እንደተለመደው ማሽኑ አብዛኛውን ይወስዳል፤ ሃንድፒስ «ለጊዜው ሁለት ይበቃል» ይባላል፤ ሥልጠናው ደግሞ ማሽኑን ያመጣው ቴክኒሻን ቆሞ በሚያሳየው ግማሽ ሰዓት ይታለፋል። ከዚህ ይልቅ በመጠኑ ረከስ ያለ ማሽን፣ በርከት ያለ ሃንድፒስና በደንብ የሠለጠነ አንድ ሰው ቢኖር ታካሚው የተሻለ ይጠበቃል። ምክንያቱን ከማሽኑ እንጀምር።

መጀመሪያ ከፍታው

ሻጭ ዘንድ ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሊትር?» ነው። ከዚያ በፊት መነሳት ያለበት ግን የከፍታ ጉዳይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ወደ አቃቂ ሲወረድ 2,100 ገደማ ይሆናል፤ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። መሣሪያ ማፍላት የትም ቢሆን ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ጠንካራ ቅርጽ) አይገድልም፤ እዚህ ደግሞ ከነጭራሹ 100 ዲግሪ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ከምርጫ ውስጥ አይገባም።

ከፍታው ይበልጥ የሚያሳስተው ግን በግፊት ጌጅ ብቻ የሚሠራውን፣ ፕሬሸር ኩከር የሚመስለውን አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) ለገዛ ሰው ነው። መመሪያው «15 ፒኤስአይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ18 ተኩል እስከ 19 ማንበብ አለበት። አራት ዲግሪ ኢምንት ትመስላለች። ነገር ግን የእንፋሎት የመግደል ጉልበት በየ10 ዲግሪው በአሥር እጥፍ ያህል ስለሚለወጥ፣ የአራት ዲግሪ ጉድለት የሚያስፈልገውን ጊዜ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያሳድገዋል፤ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ የሚበቃው ጭነት በ117 ዲግሪ 75 ደቂቃ ይጠይቃል። የደህንነት ቫልቩ 18 ሳይደርስ የሚተነፍስ ከሆነ ክብደት መጫን ወይም ማሰር በፍጹም አይሞከርም፤ ማሽኑ ለዚህ ከፍታ አልተሠራም ብሎ መተው ነው።

በዚሁ ዓይነት ማሽን ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ የቀረው አየር ካልወጣ ጌጁ ሙሉ ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ግን ዝቅ ይላል፤ አየርና እንፋሎት አብረው የሚፈጥሩት ግፊት ንጹሕ እንፋሎት ብቻውን የሚፈጥረውን ሙቀት አይሰጥም። ስለዚህ ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንፋሎቱ ሳያቋርጥ 10 ደቂቃ ያህል ከተነፈሰ በኋላ ነው የሚዘጋው። ይህን ደረጃ «ጋዝ ማባከን» ብሎ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው።

በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ማሽኖች ሙቀቱን በራሳቸው መለኪያ ስለሚከታተሉ ከዚህ ችግር ይድናሉ። ሆኖም አንዳንዶቹ ሲተከሉ የቦታው ከፍታ እንዲሞላላቸው ይፈልጋሉ፤ ካልተሞላ በየማግስቱ ስሕተት እያሳዩ ያቋርጣሉ፤ ባለቤቱም «ማሽኑ ተበላሸ» ይላል። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ሻጩን ይጠይቁ።

ማሽኖቹ ሲነጻጸሩ

ደረቅ ኦቨን ርካሽ ነው፣ ውኃ አይፈልግም፣ ብረትም አያዝግም። በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት ወይም በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት ይሠራል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ሲጨመር አንድ ዙር እስከ 3 ሰዓት ይሄዳል። መሃል ላይ በሩን ከፍቶ አንዲት የአፍ መስታወት መጨመር ዙሩን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ በሥራ ጥድፊያ ውስጥ ይህ ሳይደረግ የሚውል ቀን ጥቂት ነው። ለጥርስ መንቀያ ጉጠትና ለመሳሰለው ድፍን ብረት ያገለግላል። ሃንድፒስን ግን ያበላሻል፤ ጥጥና ፕላስቲክም አይችልም። እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ ብቸኛ ማሽን አይበቃም።

ክላስ ኤን የሚባለው አውቶክሌቭ አየሩን በእንፋሎት ብቻ እየገፋ የሚያስወጣ ነው። ላልታሸገ ድፍን መሣሪያ ይሆናል፤ ቱቦነት ላለው ነገርና በከረጢት ለታሸገ ጭነት አልታሰበም። ክላስ ቢ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ ደጋግሞ ስቦ ያወጣል፤ በ134 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይይዛል፤ የታሸገውንም ሆነ ውስጡ ክፍት የሆነውን መሣሪያ ያመክናል፤ አድርቆም ያወጣል። ሙሉ ዙሩ ከማድረቂያው ጋር ከ35 እስከ 50 ደቂቃ ነው። ክላስ ኤስ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፦ አምራቹ «ይህንና ይህን ያመክናል» ብሎ በጽሑፍ ለገለጸው ብቻ ይሠራል። ሻጩ በቃል የሚለውን ሳይሆን መጽሐፉ ውስጥ ሃንድፒስ ተብሎ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

ሲዴክስ እየተባለ የሚጠራው 2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ መሣሪያን የሚያመክነው 10 ሰዓት ሲዘፈዘፍ ነው፤ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ የሚገኘው ከፍተኛ ፀረ ተህዋስያን ሥራ እንጂ ማምከን አይደለም። ሽታው ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የወጣው መሣሪያ በመከነ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ታሽጎም መቀመጥ አይችልም። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ባልዲ ከማኖር ሙቀት የማይችለውን ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል መተካት ይሻላል።

የሃንድፒስ ስሌት

ብዙ ክሊኒክ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሃንድፒስ ሲቆም ከታካሚው አፍ ምራቅና ደም ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ ውጭውን በአልኮል መጥረግ የሚያጸዳው ማንም የማይፈራውን ክፍል ነው። ከታካሚ ወደ ታካሚ በሙቀት መምከን አለበት።

አንድ ሃንድፒስ ከአንድ ታካሚ አፍ ወጥቶ ለሚቀጥለው እስኪደርስ ስንት ይፈጃል? ማጥራትና ዘይት መቀባት 10 ደቂቃ፣ ማሸግ 5፣ ዙሩ 45፣ መቀዝቀዝ 15፤ ጭነቱ እስኪሞላ መጠበቅ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ገደማ። ሐኪሙ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው ካከመ በሁለት ሰዓት አራት ሃንድፒስ ይሽከረከራሉ፤ አንድ በእጅ፣ አንድ ለመጠባበቂያ፤ ለአንድ ወንበር ስድስት። ሁለት ብቻ ያለው ክሊኒክ የዓለም ምርጥ ክላስ ቢ ቢገዛ እንኳ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በአልኮል መጥረግ ይጀምራል፤ ረዳቷ ስለማታውቅ ሳይሆን ሌላ ምርጫ ስለሌላት። ስለዚህ ገንዘቡ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ሃንድፒስ እንደሚያመክን በጽሑፍ የተረጋገጠ ክላስ ኤስ ከስድስት ሃንድፒስ ጋር፣ ከክላስ ቢና ከሁለት ሃንድፒስ ይበልጣል።

አያያዙ ይህን ይመስላል። ታካሚው ከመነሳቱ በፊት ሃንድፒሱ ውኃና አየር እየለቀቀ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሽከረከራል። ከዚያ ተነቅሎ ውጭው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይነፋበታል፤ ትርፍ ዘይቱም ለጥቂት ሰከንድ በማሽከርከር ይወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ስትዘለል ዘይቱ በ134 ዲግሪ እንደ ሙጫ ይጋገርና እንፋሎቱ እንዳይገባ ይዘጋል፤ ተርባይኑም (ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል) በዚህ ሊያልቅ ይችላል። በረኪና ውስጥ አይገባም፣ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ) ማጠቢያ ውስጥም አይገባም።

መብራትና ውኃ

መብራት ዙሩ መሃል ላይ ከሄደ ጭነቱ አልመከነም፤ 134 ደርሶ የነበረ ቢሆንም እንደ አዲስ ይጀመራል፣ የረጠበ ከረጢትም ይቀየራል። ክላስ ቢ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ኪሎዋት ይስባል፤ የወንበሩ ኮምፕረሰር አብሮ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ በላይ ይጎትታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሸከም ጄኔሬተር ከ5 ኪሎቮልት አምፒር ባያንስ ጥሩ ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ያለው አውቶክሌቩን ኮምፕረሰሩ በማይሠራበት ሰዓት፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመርና በምሳ ሰዓት፣ ማስነሳት ይችላል፤ የሃንድፒሱ ቁጥር ግን በዚያው መጠን መጨመር አለበት። ስታቢላይዘር የግድ ነው።

አውቶክሌቩ የሚጠጣው ዲስትልድ ውኃ ብቻ ነው። በቦቴ መጥቶ ሮቶ ውስጥ የተቀመጠ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስላለው ማሞቂያውን በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፣ ቫልቩን ይዘጋል፣ መሣሪያውንም ያነጥበዋል። የዲስትልድ ውኃው ምንጭ የሚያስተማምን ካልሆነ ከማሽኑ ጋር ትንሽ ዲስትለር (ውኃን አትንኖ የሚያጠራ ዕቃ) መግዛት በአንድ ጥገና ዋጋ ይካካሳል።

የወንበሩ ውኃም ሌላ ጉዳይ ነው። በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ ተህዋስያን ድር ይሠራሉ፤ ከቧንቧ ወይም ከሮቶ በቀጥታ የተገናኘ ወንበር ይህን ሊቆጣጠር አይችልም። የራሱ ጠርሙስ ያለው ወንበር ይመረጣል። ጠዋት 2 ደቂቃ፣ በየታካሚው መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይለቀቃል፤ ማታ ጠርሙሱ ተፈቶ ይደርቃል። የተለመደው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ500 የተህዋስያን ቅኝ ያልበለጠ ነው። አጥንት ለሚነካ ቀዶ ሕክምና ግን የመከነ ሳላይን እንጂ የወንበር ውኃ አይሆንም።

በረኪና ወይስ ሳሙና?

ያገለገለ መሣሪያን መጀመሪያ በ0.5 በመቶ በረኪና 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ በሀገራችን ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከመታጠቡ በፊት በክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም፦ ደም ክሎሪኑን ያደክመዋል፣ ክሎሪኑም ብረቱን ይበላል፣ ሠራተኛዋም «በበረኪና ገብቷል» ብላ ለማጠቡ ትዘናጋለች። የተሻለው መሣሪያው እንዳይደርቅ በሳሙና ወይም በኢንዛይም ውኃ መክተት፣ ከዚያ ማጠብ ነው። በረኪና ለወለልና ለፈሰሰ ደም ይቆይ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 ኩባያ በረኪና ከ9 ኩባያ ውኃ ጋር 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ በየቀኑ ይበጠበጣል። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከሚሸጥ ሱቅ አይገዛም፣ ጉልበቱን አጥቷልና። ተቆጣጣሪ የበረኪናውን ባልዲ ቢጠይቅ ደግሞ ለምን እንደተተወ የሚያስረዳ የክሊኒኩ የጽሑፍ አሠራር ቢኖር ክርክሩ ያጥራል።

በእጅ መታጠብና በአልትራሶኒክ መታጠብ ሲወዳደሩ የሁለተኛው ትልቁ ጥቅም ንጽሕናው ብቻ ሳይሆን እጅን ከስለት ማራቁ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅርጫቱ ከተጨናነቀ ግን መሃል ያለው አይታጠብም። መሥራቱን ለማወቅ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ለ20 ሰከንድ ያህል ውስጡ ይያዛል፤ በእኩል ካልተበሳሳ ማሽኑ ደክሟል። በእጅ የሚያጥብ ደግሞ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ያደርጋል፤ ጉጠቱን ከፍቶ፣ ከውኃው በታች ይዞ ይፈትጋል። ከውኃው በላይ የሚፈተግ ብሩሽ ደሙን ፊት ላይ ይረጫል።

መሥራቱን በምን ይታወቃል?

ከረጢቱ ላይ የሚጠቁረው ቴፕ ጥቅሉ ሙቀት አይቷል ከማለት አያልፍም። ውስጥ የሚገባው ክላስ 5 ጠቋሚ ጊዜን፣ ሙቀትንና እንፋሎትን አብሮ ስለሚለካ ለየጭነቱ የተሻለ ነው። የመጨረሻው ዳኛ የስፖር ምርመራ ነው፤ ሕያው ስፖር ያለበት ትንሽ አምፑል ከጭነቱ ጋር ገብቶ ስፖሩ መሞቱ ይታያል፦ ለእንፋሎት ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ፣ ለደረቅ ኦቨን ባሲለስ አትሮፊየስ። የእንፋሎቱ አምፑል ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በሚያሞቅ ትንሽ ኢንኩቤተር ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ማምከኛው ውስጥ ያልገባ አምፑልም አብሮ ይሞቃል፤ ስፖር ሲያድግ ቀለም ይለወጣልና እሱ ቀለሙን ካልለወጠ አምፑሎቹ ሞተዋልና ውጤቱ አይታመንም። ክላስ ቢ ያለው በየጠዋቱ ባዶ ማሽን ላይ የሄሊክስ ወይም የቦዊ ዲክ ሙከራ ይጨምራል፤ የቫኪዩም ፓምፕ መድከምን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ስፖሩ ካደገ ማሽኑ ይቆማል፤ ካለፈው ጥሩ ውጤት ወዲህ የታሸገው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ይታጠባል። የመዝገብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ቀንና የዙር ቁጥር ያልተጻፈበት ከረጢት የየትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ማን ይሠልጥን? የት?

ከውጭ የሚሰጠው የሁለት ሦስት ቀን አጠቃላይ የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቆሻሻ አያያዝና ስለ መርፌ ጉዳት ጥሩ መሠረት ይሰጣል፤ ለሙያ ፈቃድ እድሳትም ይጠቅማል። ችግሩ ስለ ሃንድፒስና ስለ ወንበር ውኃ ብዙም የሚለው አለመኖሩ ነው። በዚያ ላይ የሚሄደው ሐኪሙ ነው፤ መሣሪያውን የምታጥበው ልጅ ክሊኒክ ትጠብቃለች።

የሻጩ ቴክኒሻን ቁልፎቹን ያሳያል። «ለምን» የሚለውን ግን አይነግርም። ቢያንስ ሲያሳይ በስልክ ይቀረጽ፤ ከአንድ ወር በኋላ እንዲመለስም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ እውነተኛዎቹ ጥያቄዎች የሚነሱት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ረዳቷን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ማዕከላዊ የማምከኛ ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ማዋል ነው። ደብዳቤና ልመና ቢጠይቅም ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ አጫጫን፣ አስተሻሸግና አመዘጋገብን በቀን ብዙ ጊዜ እየደጋገመች ታየዋለች። አራተኛው በክሊኒኩ ውስጥ የሚሰጥ ቀጣይ ሥልጠና ነው፤ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ሥራ ሲቀየርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ። ሐኪሙ ወደ መጀመሪያው፣ አንዲት ረዳት ወደ ሦስተኛው ይሂዱ፤ ከዚያ እሷ አራተኛውን ትምራ። ምንጊዜም ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ በዳር ከተማ ረዳት ቶሎ ትለቃለች፤ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የሥራ ቅደም ተከተል በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን።

ሠልጥናለች ማለት ምን ማለት ነው? ሰርተፍኬት አይበቃም። አንድ ሙሌት ሲሠራ ጥግ ላይ ቆሞ 20 ደቂቃ ማየት ብዙ ይናገራል፦ አፍ ውስጥ የገባ ጓንት የመሳቢያውን እጀታ ነካ? የመብራቱን ማዞሪያ? ኪስ ውስጥ የጮኸውን ስልክ? መብራቱና እጀታዎቹ በላስቲክ ከተሸፈኑ በየታካሚው ይቀየራል፤ ካልተሸፈኑ ይጠረጋሉ፤ ለጠባብ ጊዜ ላስቲኩ ይሻላል። ማምከኛው ላይ ደግሞ ከረጢቶቹ በጠርዛቸው ቆመው ነው ወይስ እንደ እንጀራ ተደራርበው? የተደራረበው እርጥብ ይወጣል፤ እርጥብ ከረጢት ደግሞ እንዳልመከነ ይቆጠራል። አምስት ተከታታይ ጭነት ያለ እርማት ሳትሠራ ለብቻዋ አትተው።

መርፌ በሁለት እጅ አይከደንም፤ ክዳኑ ትሪ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጅ ይጠለቃል። ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌና የስለት መጣያው ሣጥን) ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ሦስት ጊዜ ነው፤ የፅዳት ሠራተኛዋንም ይጨምራል፤ ከመጨረሻው 1 ወይም 2 ወር በኋላ የደም ምርመራ ክትባቱ መሥራቱን ያረጋግጣል። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፤ የኤችአይቪው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የተወጋ ሰው ቦታውን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እሑድ ማታ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንደሚሰጥ ቀድሞ ተጠይቆ ስልኩ ይለጠፍ።

ክፍያው ሳይጠናቀቅ

የክሊኒኩ ቦታ ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ በሸገር ከተማ በኩል ከሆነ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው የኦሮሚያ አካል ነው፤ ማሽን ከመግዛት በፊት የሚጠይቀውን መስፈርት ከዚያው ያምጡ። ከሻጩ ጋር ሲዋዋሉ የመጨረሻውን ክፍያ ይያዙ። ማሽኑ በክሊኒኩ፣ በክሊኒኩ መብራት ተተክሎ፣ እንደ ሥራ ቀን ሙሉ ጭነት ተሞልቶ፣ የስፖር አምፑል እንፋሎት ለመድረስ በሚከብደው ቦታ ተቀምጦ ይሞከር፤ ውጤቱ በ48 ሰዓት ሲታወቅ ይከፈላል። የበር ጎሚኒ፣ ፊውዝና የአየር ማጣሪያ ትርፍ አብሮ እንዲመጣ ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ጎሚኒ ሲያልቅ ሳምንት ቆሞ የሚጠብቅ ማሽን ስድስቱንም ሃንድፒስ ሥራ ያስፈታል።